ከሃምሳ ወደ ሺህ፦ የአንቲጓን እባብ ከመጥፋት የታደገው ሥራ

ከምሥራቅ ካሪቢያን አገሮች አንዷ በሆነችው አንቲጓና ባርቡዳ፣ በዋናዋ ደሴት ሰሜን ምሥራቅ የባሕር ዳርቻ አቅራቢያ፣ ግሬት በርድ ወይም ታላቁ የወፍ ደሴት የምትባል ሰው የማይኖርባት ደሴት ትገኛለች። ስፋቷ ከ10 ሄክታር አይበልጥም። እ.ኤ.አ በ1995 በዚህች ደሴት ላይ በተካሄደ ጥናት፣ በወቅቱ በየትኛውም ሌላ የዓለም ክፍል እንዳለ የማይታወቅ አንድ የእባብ ዝርያ ቁጥሩ ወደ 50 ማሽቆልቆሉ ተረጋገጠ። ከ20 ዓመታት በኋላ፣ በ2015፣ የዚሁ እባብ ቁጥር ከ1 ሺህ 100 በላይ መድረሱን በጥበቃው ሥራ የተሳተፉ ድርጅቶች አስታውቀዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለውጡ የተገኘው እባቡን በጎጆ አስቀምጦ በመቀለብ አልነበረም። ሥራው በዋናነት ያተኮረው በአይጥ ላይ ነው። የአንዲት ትንሽ አገር የደን መሥሪያ ቤት፣ አንድ የአገር ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበርና የውጭ የሙያ ድርጅቶች ተቀናጅተው እባቡን ለመጥፋት ያበቃውን ምክንያት ከሥሩ ለይተው አስወገዱ፤ ከዚያም ምክንያቱ ተመልሶ እንዳይመጣ ለዓመታት ጠበቁ። ይህ ሁለተኛው ክፍል ብዙም አይነገርለትም፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ይልቅ አድካሚው እርሱ ነው።

የአንቲጓ እባብ ለሰው ጉዳት የማያደርስ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል የሆነ፣ ቀን ቀን የሚንቀሳቀስ ፍጡር ነው። እንስቷ ከተባዕቱ ትበልጣለች፤ ቀለሟም ብርማ ግራጫ ሲሆን ተባዕቱ ወደ ጥቁር ቡናማ ያደላል። ዋነኛ ምግቡ እንሽላሊት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በረገፈ ቅጠል ውስጥ ገላውን ሸሽጎ አንገቱን ብቻ ብቅ በማድረግ ያደባል፤ እንሽላሊቱ በአጠገቡ ሲያልፍ ይይዘዋል። በጠላት ፊት የሚያሳየው መከላከያ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሲያዝ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ከመልቀቅ ያለፈ ነገር አያደርግም። ለሺህ ዓመታት በኖረበት ምድር መሬት ለመሬት እየተሯሯጠ እባብ የሚያድን አጥቢ እንስሳ አልነበረምና ከዚህ የተሻለ መከላከያ አላስፈለገውም።

ሁኔታው የተለወጠው አውሮፓውያን ከሰፈሩ በኋላ ነው። እንግሊዞች በ1632 በአንቲጓ መስፈር ጀመሩ። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት የደሴቲቱ ደን ተመንጥሮ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ተተካ፤ እርሻውን እንዲያለሙም ከአፍሪካ በግፍ የተጋዙ ባሮች ተሠማሩ። ከመርከቦቹ ጋር ጥቁር አይጥ አብሮ ገባ። አይጡ በአገዳው ማሳ ውስጥ ምግብና መጠለያ እንደልቡ በማግኘቱ በፍጥነት ተባዛ። የእርሻ ባለቤቶችን ያሳሰባቸው ግን በእባቡ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ሳይሆን የአገዳው መበላት ነበር።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ከችግሩ የከፋ ሆነ። በ1872 በጃማይካ አንድ የእርሻ ባለቤት ዘጠኝ ፋሮዎችን ከሕንድ አስመጥቶ በአገዳ ማሳው ለቀቀ። ፋሮ ረጅም ገላና አጭር እግር ያለው፣ ከአይጥ እስከ እባብ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ቀልጣፋ አዳኝ ነው። በጃማይካ የታየው የመጀመሪያ ውጤት አስደሳች መስሎ ስለታየ የሌሎች ደሴቶች አራሾችም እንስሳውን እየወሰዱ ለቀቁት፤ አንቲጓም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የዚሁ ተቋዳሽ ሆነች። ይሁንና ጥቁር አይጥ በአመዛኙ በሌሊት የሚንቀሳቀስና ዛፍ የሚወጣ ሲሆን፣ ፋሮ ደግሞ በቀን መሬት ላይ የሚያድን ነው። ሁለቱ በሚገባ አልተገናኙም። ከፋሮው ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው ቀን ቀን መሬት ላይ የሚሳበው እባብ ነበር። በዚህ የተነሣ እባቡ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከአንቲጓ ዋና ምድር ጠፋ፤ ብዙዎቹ አጥኚዎችም ፈጽሞ እንደጠፋ ቆጠሩት።

በአገራችን ለበረሃማነት መከላከያ ተብሎ የገባው የፕሮሶፒስ ዛፍ የአፋርን የግጦሽ መሬት ምን ያህል እንደወረረ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። ያ ዛፍም ሆነ ይህ አውሬ በክፉ ሐሳብ አልመጣም። አንድን ችግር ብቻ በማየት የተወሰደ እርምጃ በሌላ በኩል ምን እንደሚያስከትል ቀድሞ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ፋሮ ግን ባሕር ተሻግሮ ትንንሾቹን ደሴቶች ሁሉ አላዳረሰም። በአንቲጓ ዙሪያ በርካታ ትንንሽ ደሴቶች ያሉ ሲሆን፣ ግሬት በርድ ከእነዚህ አንዷ ናት። ከዋናው ምድር የሚለያት ባሕር ሰፊ ባይሆንም ፋሮን ለማገድ በቂ ሆነ። ጥቁር አይጥን ለማገድ ግን በቂ አልነበረም። አይጥ ጥሩ ዋናተኛ ነው፤ በጀልባና በዕቃ ውስጥ ተደብቆም ይጓዛል። እባቡ በመጨረሻ ተጠግቶባት የቀረው ይህች ደሴት ከሁለቱ ጠላቶቹ አንዱ ያለባት ነበረች።

በ1995 የተጀመረው የአንቲጓ እባብ ጥበቃ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ተግባሩ ቆጠራ ነበር። በሥራው የአገሪቱ የደን ክፍል፣ በአገር ውስጥ የተቋቋመው የአካባቢ ግንዛቤ ቡድን፣ መቀመጫው በብሪታንያ የሆነው ፋውና ኤንድ ፍሎራ ኢንተርናሽናል፣ በጀርዚ ደሴት የሚገኘው በዛሬ ስሙ ዱሬል የተባለው የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅትና ሌሎች ተቋማት ተሳትፈዋል። በመስክ ጥናቱ ረገድ የእባብ ተመራማሪዋ ዶክተር ጄኒ ዳልትሪ ከጅምሩ አንስቶ ጉልህ ድርሻ ነበራቸው።

በቅጠል ሥር የሚሸሸግን እባብ አንድ በአንድ መቁጠር አይቻልም። በመሆኑም ባለሙያዎቹ በመስኩ የተለመደውን ዘዴ ተጠቀሙ። የተያዘው እባብ ሁሉ ይለካል፣ ይመዘናል፣ ከቆዳው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል መለያ ማይክሮ ቺፕ ይደረግለትና በተያዘበት ቦታ ይለቀቃል። በሌላ ጊዜ ፍለጋው ሲደገም ከሚያዙት መካከል ስንቶቹ መለያ እንዳላቸው ይታያል። ለምሳሌ ያህል፣ በመጀመሪያው ዙር 20 እባቦች ምልክት ተደርጎባቸው በሁለተኛው ዙር ከተያዙት 20 ውስጥ ዐሥሩ ምልክት ያላቸው ሆነው ቢገኙ፣ ምልክት የተደረገባቸው የጠቅላላው ግማሽ ናቸው ማለት ነውና አጠቃላይ ቁጥሩ ወደ 40 ይገመታል። ስሌቱ ሲታይ ቀላል ነው። ውጤቱ እንዲታመን ግን ፍለጋው በየጊዜው በተመሳሳይ ጥንቃቄ መደገም አለበት። በዚህ መንገድ የተገኘው ቁጥር 50 ያህል ነበር።

ቆጠራው ከቁጥር ሌላ መረጃም ሰጠ። ከተያዙት እባቦች ብዙዎቹ በገላቸው ላይ የንክሻ ጠባሳ ነበረባቸው፤ ጅራታቸው የተቆረጠም ነበሩ። ቁስሉ የአይጥ ጥርስ ነው። እባቡ ሌሊት ሲያርፍ አይጡ ይነሣል፤ የተኛውን ይነክሳል፣ እንቁላሉንም ይበላል። ከዚህም በላይ ነፍሳትንና የዕፅዋትን ፍሬ በመጨረስ የእንሽላሊቱን፣ በእርሱም በኩል የእባቡን የኑሮ መሠረት ያጠባል። ስለሆነም እባቡን ለመታደግ በቅድሚያ ከደሴቷ አይጥን ማጥፋት እንደሚገባ ተወሰነ።

እዚህ ላይ በመቀነስና በማጥፋት መካከል ያለው ልዩነት ሊብራራ ይገባል። ጥቁር አይጥ የእርግዝና ጊዜዋ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ሲሆን በዓመት ውስጥ ደጋግማ ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜም በርካታ ግልገሎች ታፈራለች። ከመቶ አይጦች ዘጠና አምስቱ ቢገደሉ የቀሩት አምስቱ ምግቡን ያለተሻሚ አግኝተው በአጭር ጊዜ ውስጥ ቁጥሩን ወደነበረበት ይመልሱታል። ዘመቻው ትርጉም የሚኖረው የመጨረሻዋ አይጥ ስትጠፋ ብቻ ነው። ይህ በዋናው ምድር ላይ የማይሞከር ነገር ነው። በ10 ሄክታር ደሴት ላይ ግን ይቻላል፤ አስቸጋሪዋ ትንሽነት በዚህ ረገድ ጠቃሚ ሆና ተገኘች።

ዘመቻው በ1995 መገባደጃ ተካሄደ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ደሴቷ በሙሉ በእኩል ርቀት በሚገኙ ነጥቦች እንደ ፍርግርግ ትከፋፈላለች። ርቀቱ የሚወሰነው እያንዳንዷ አይጥ ከምትዘዋወርበት ክልል ሳትወጣ ቢያንስ አንድ ነጥብ እንድታገኝ ተደርጎ ነው። በየነጥቡ መርዝ የተቀላቀለበትና በሰም የተጋገረ ማባበያ ምግብ ይቀመጣል። ሠራተኞች በየጊዜው እየዞሩ የተበላውን ይተካሉ፤ የት ስንት እንደተበላ ይመዘግባሉ። ገደል፣ ቁጥቋጦና የዋሻ አፍ ሳይቀር መዳረስ አለበት። አንድ ጥግ ከተዘለለ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጥቅም ላይ የዋለው ብሮዲፋኩም የተባለው መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲሆን ወዲያው አይገድልም፤ ቀናት ይፈጃል። ይህ የተመረጠበት ምክንያት አለ። አይጥ ጠርጣራ እንስሳ ናት። በልታ ወዲያው ከታመመች ያን ምግብ ዳግመኛ አትነካም። ሕመሙ ዘግይቶ ሲመጣ ግን ከምግቡ ጋር አታገናኘውምና ሌሎቹም ያለ ሥጋት ይበላሉ። እባቡ በበኩሉ የእህል ማባበያ ስለማይበላ ለመርዙ የሚጋለጥበት ዕድል አነስተኛ ነው። ያም ሆኖ መርዝ መርዝ በመሆኑ ሌሎች እንስሳት እንዳይደርሱበት ጥንቃቄ ይደረጋል፤ ሥራው ሲጠናቀቅም የተረፈው ይሰበሰባል።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። በግሬት በርድ የሚገኙት እባቦች ቁጥር በሁለት ዓመት ገደማ በእጥፍ ያህል ጨመረ። ይሁንና ደሴቷ የምትችለው ከዚያ ብዙ እንደማይዘል ባለሙያዎቹ ተገነዘቡ፤ መቶ ገደማ እባብ ከያዘች እንሽላሊቱም መጠለያውም ለተጨማሪ አይበቃም። ድርቅ በገባባቸው ዓመታት ደግሞ ቁጥሩ መልሶ ይቀንሳል። በ1995 አንቲጓ በሉዊስ፣ በ1998 ደግሞ በጆርጅስ አውሎ ነፋስ ተመታች። ነፋሱ የባሕር ውኃን ወደ ዝቅተኛ ሥፍራዎች ይገፋል፣ ዛፍ ይገነድሳል፣ የእንሽላሊቱን መኖሪያም ያበላሻል። የአንድ ዝርያ ህልውና በሙሉ በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አንድ ከባድ ነፋስ ሁሉንም ሊያጠፋ ይችላል። ከዚህ ሌላ ከጥቂት ወላጆች የሚራባ መንጋ ዘመድ ከዘመድ ስለሚዋለድ የሚመጣ የጤና መጓደልም አሳሳቢ ነበር።

ለዚህ መድኅን ይሆናል ተብሎ በመጀመሪያ የታሰበው ጥቂት እባቦችን ወደ ጀርዚ ወስዶ በእንስሳት ማቆያ ማራባት ነበር። በ1996 ተሞከረ። እባቦቹ እንቁላል ጥለው ግልገሎች ቢፈለፈሉም፣ በጥገኛ ተባይ ሳቢያ በተከሰተ የጤና ችግር ጥረቱ እንደታሰበው አልቀጠለም። ከዚያ ወዲህ ትኩረቱ እባቡን በተፈጥሮ መኖሪያው ማስፋፋት ላይ ሆነ።

በዚሁ መሠረት በአካባቢው ያሉ ሌሎች ደሴቶች ተፈተሹ። መመዘኛው ግልጽ ነበር፤ ፋሮ የሌለባት፣ አይጥ የሌለባት ወይም ሊጠፋባት የሚችል፣ በቂ እንሽላሊትና ጥላ ያላት፣ ባለቤቷም ፈቃደኛ የሆነ ደሴት መሆን አለባት። በ1999 ከግሬት በርድ የተወሰዱ እባቦች ራቢት በተባለችው ትንሽ ደሴት ተለቀቁ። ከሁለትና ሦስት ዓመታት በኋላ ከሁሉም ትልቋ የሆነችው ግሪን ደሴት ተከተለች። ይህች ደሴት በግል ይዞታ ሥር ያለች በመሆኗ ሥራው የባለይዞታውን ስምምነትና ትብብር ጠይቋል። በ2008 ደግሞ ዮርክ ደሴት አራተኛዋ መኖሪያ ሆነች። እባቦቹ በየደረሱበት ተራብተዋል። ከላይ የተጠቀሰው የ1 ሺህ 100 ቁጥር የአራቱ ደሴቶች ድምር ነው፤ የግሬት በርድ ድርሻ በዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

እባብን ለመጠበቅ ሕዝብን ማሳመን ቀላል እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" የሚለው አባባል የእኛ ብቻ ቢመስልም ስሜቱ የዓለም ነው። ብዙ አንቲጓውያን በአገራቸው እባብ መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር፤ የሚያውቁትም ቢሆኑ ያገኙትን ከመግደል አይመለሱም። የፕሮጀክቱ ሠራተኞች በትምህርት ቤቶች፣ በመገናኛ ብዙኃንና በዓሣ አጥማጆች ዘንድ ለዓመታት ማብራሪያ ሰጡ። ተማሪዎች ወደ ደሴቷ እየሄዱ እባቡን በባለሙያ እጅ ላይ እንዲያዩ፣ እንዲነኩም ተደረገ። የአካባቢ ግንዛቤ ቡድን በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥኖ በቆጠራውና በቁጥጥሩ አሠማራ። ከውጭ የመጡት ባለሙያዎች ሲቀንሱ የሥራው ክብደት ወደ አገሬው ሰው እጅ የተላለፈው በዚህ መንገድ ነው። እባቡም "በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ የሆነው እባብ" በሚል ስም የአገር መታወቂያ ለመሆን በቅቷል።

አይጥ አንድ ጊዜ ጠፋ ማለት ግን ለዘለቄታው ጠፋ ማለት አይደለም። ወደ ግሬት በርድ ጎብኚዎች በጀልባ ይመላለሳሉ፤ ምግብና ዕቃ ይዘው ይወርዳሉ፤ ዓሣ አጥማጆች ያርፋሉ። አጎራባች ደሴቶችም በዋና የሚደረስባቸው ናቸው። ከዘመቻው በኋላ በነበሩት ዓመታት አይጥ ወደ ጸዱ ደሴቶች ተመልሶ የገባባቸው ጊዜያት ነበሩ። በወቅቱ የተደረሰበት ቋሚ ክትትል ስለነበረ ነው። ሠራተኞች በባሕር ዳርቻ የተተከሉ የመቆጣጠሪያ ሣጥኖችን በየጊዜው ይፈትሻሉ። በሣጥኖቹ ውስጥ የተቀመጠው ሰም የጥርስ ምልክት ካሳየ ወዲያው ማባበያ ይጨመራል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሪፖርት የሚቀርብበት አዲስ ነገርም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ "ምንም አልተገኘም" የሚል ነው። በጀት ሲያጥር በመጀመሪያ የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው የሥራ መደብ መሆኑን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ዓመት ቢቋረጥ ግን የሃያ ዓመት ድካም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።

ለክትትሉ የሕግ ሽፋን መስጠትም አስፈልጓል። የአንቲጓና ባርቡዳ መንግሥት ደሴቶቹ የሚገኙበትን ባሕርና ዳርቻ በ2005 የሰሜን ምሥራቅ የባሕር አስተዳደር ክልል ብሎ ሰይሟል። በዚህ ክልል ውስጥ የዓሣ ሀብት፣ የደን፣ የቱሪዝምና የአካባቢ ጥበቃ ሥራዎች ይገናኛሉ። ጀልባ የሚያሠራው፣ ጎብኚ የሚቀበለውና እንስሳ የሚጠብቀው አካል በየፊናቸው ቢሄዱ ኖሮ አይጥ ይዞ ወደ ደሴት የሚጠጋ ጀልባን ማን እንደሚቆጣጠር አይታወቅም ነበር።

አይጥ የጠፋው ከአራቱ የእባብ መኖሪያዎች ብቻ አይደለም። ባለፉት አሥርት ዓመታት ከ12 በላይ ደሴቶች ጸድተዋል። ተጠቃሚውም እባቡ ብቻ አልሆነም። ፔሊካንን ጨምሮ የባሕር ወፎች፣ በካሪቢያን ብቻ የሚገኝ አንድ የዳክዬ ዝርያና እንሽላሊቶች በርክተዋል፤ ዕፅዋትም አገግመዋል። ልምዱ በኋላ ሬዶንዳ በተባለችው የአገሪቱ ሦስተኛ ደሴት ላይ ተሠርቶበታል። ሬዶንዳ በአይጥና በተለቀቁ ፍየሎች ምክንያት ወደ ራቁት ድንጋይነት ተለውጣ ነበር። በ2016 በተጀመረው ሥራ ፍየሎቹ ከደሴቷ ተነሥተው አይጡም ጠፋ፤ ሣርና ቁጥቋጦ በአጭር ጊዜ ተመልሶ ሸፈናት። በ2023 መንግሥት ደሴቷንና በዙሪያዋ ያለውን ባሕር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ አውጇል።

በዚያው በካሪቢያን ሁሉም እባብ ይህን ዕድል አላገኘም። በሴንት ሉሲያ የሚኖረው ሌላ የእባብ ዝርያ በተመሳሳይ ምክንያት፣ በፋሮ ሳቢያ፣ ከዋናው ምድር ጠፍቶ 12 ሄክታር ያህል በሆነች አንዲት ደሴት ብቻ ቀርቷል። በ2012 ይፋ በሆነ ጥናት ቁጥሩ 18 ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። አንቲጓ በ1995 ከነበረችበትም የባሰ መነሻ ነው።

የአንቲጓው እባብ ራሱ ከአደጋ ወጥቷል ለማለት አይቻልም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በእጅጉ ለመጥፋት የተቃረቡ ከሚላቸው ዝርያዎች ተርታ መድቦታል። ከአንቲጓ ዋና ምድር ፋሮን ማጥፋት በታወቀ ዘዴ የማይቻል በመሆኑ እባቡ ወደ ጥንት መኖሪያው የሚመለስበት መንገድ አይታይም። የቀሩት ደሴቶች ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አይሉም። የባሕር ወለል ሲጨምርና አውሎ ነፋስ ሲበረታ በመጀመሪያ የሚነኩት እነርሱ ናቸው። በ2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ የዚያችው አገር አካል የሆነችውን ባርቡዳን ባወደመበት ወቅት ነዋሪዎቿ በሙሉ ወደ አንቲጓ እንዲወጡ ተደርጎ ነበር። እባብን ግን እንዲህ በአንድ ሌሊት ማሸሽ አይቻልም፤ ለዚህ ነው ዝርያውን አስቀድሞ በተለያዩ ደሴቶች ማከፋፈል ያስፈለገው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ኢትዮጵያም በሌላ አገር የማይገኙ እባቦች አሏት። በደቡብ ምዕራብ ደኖችና በጫካ ቡና ውስጥ የሚኖረው የኢትዮጵያ የተራራ እፉኝት በ1970ዎቹ በጀርመናዊው ተመራማሪ ቮልፍጋንግ ቦህመ አማካይነት ለሳይንስ የታወቀ ነው። በባሌ ተራሮች የሚገኘው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከዚሁ ጋር እንደ አንድ ሲታይ ቆይቶ በ2016 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታትሟል፤ ስያሜውም ከሐረና ደን የተወሰደ ነው። ከአንቲጓው ጋር ማመሳሰል የማይቻልባቸው ጉዳዮች አሉ። እነዚህ እፉኝቶች መርዛማ ናቸው፤ በአካባቢያቸው ለሚኖረው ገበሬም ሥጋት መሆናቸው እውነት ነው። አንቲጓ ውስጥ ተማሪ እጅ ላይ የሚሰጥ እባብ ነው፤ እዚህ ግን ጥንቃቄው ከርቀት መሆን አለበት። መኖሪያቸውን የሚያሰጋውም አይጥ ሳይሆን የደን መመንጠር ነው። በሌላ በኩል የሐረና ደን በሚገኝበት በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተጠበቀ ክልል አለ፤ ፓርኩም በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ከወጣም ዓመታት ተቆጥረዋል።

የጎደለው አንቲጓ በ1995 የጀመረችበት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። የባሌው እፉኝት በ2016 ሲሰየም ለገለጻው መነሻ የሆኑት፣ ከዓመታት በፊት ተሰብስቦ በሙዚየም የተቀመጠ አንድ ናሙናና በ2013 በሐረና ደን ታይቶ ፎቶግራፍ የተነሣ ሌላ አንድ እባብ ነበሩ።